ከፈረሰ በኋላ «የት ነበርክ?» አትበሉት

ወገኖቼ፣ እስቲ እውነቱን እንነጋገር። የከተማችሁ የቅርስ ጥበቃ ኃላፊ ምን እንደሚሠራ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን የምናውቀው «መስኮቴን እንዳልቀይር የከለከለኝ ሰውዬ» ብለን ነው። አሮጌ ሕንፃ ሲፈርስ ደግሞ ስልካችንን አውጥተን እየቀረጽን «ቅርስ ጥበቃ የት ነበር?» እንላለን። እናንተስ የት ነበራችሁ?

ሰውዬው ዘበኛ አይደለም። ቤቱ መቼ ተሠራ፣ ምኑ ተቀየረ እያለ ሰነድ ያገላብጣል፤ የድሮ ፎቶ ይዞ ከግድግዳው ጋር ያስተያያል። የማደስ ወይም የማፍረስ ጥያቄ ሲመጣ አይቶ አስተያየቱን ይጽፋል። በብዙ ከተሞች የሚወስነው ኮሚቴ ነው። ስድቡ ግን ለእሱ ነው።

ክፋት የምትሉትን አንድ ነገር ላሳያችሁ። በኖራ የተገነባ የጡብ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ግንበኛ ጠርተን በሲሚንቶ እንደፍነዋለን። ለጊዜው ያምራል። ኖራ እርጥበት ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍናል። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ በጡቡ በኩል ይወጣል። ያኔ የጡቡ ፊት እንደ ቅርፊት እየተላጠ ይረግፋል፤ በጣት ቢነኩት ዱቄት ነው። ሲሚንቶው ግን ምንም አልሆነም! በተበላው ጡብ መሃል ገጥጦ ይቀራል። ኃላፊው «በኖራ አድርጉት» ያላችሁ ለዚህ ነው። እናንተ ግን «ሊያጉላላኝ ነው» ብላችሁ ቅዳሜና እሁድን ጠብቃችሁ በሲሚንቶ ለሰናችሁት።

ፋይል የሚያስተኛ፣ እጁን የሚዘረጋ ኃላፊ የለም አላልኩም። አለ። እሱን ክሰሱት። የደህናውን ሥራ ግን አታበላሹ።

ኒውዮርኮች እ.ኤ.አ. በ1963 ትልቁ የፔንስልቬኒያ ባቡር ጣቢያ መፍረስ ሲጀምር የሚያስቆሙበት ሕግ አልነበራቸውም። ተቃውሞ ወጥተው ነበር፤ አልሆነም። የቅርስ ሕጋቸው በ1965 ወጣ። በኋላ የግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ባለቤቶች በላዩ ላይ ፎቅ ካልሠራን ብለው ሲከሱ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 ለከተማዋ ፈረደ። ግራንድ ሴንትራል ዛሬም ቆሟል። የፔንስልቬኒያው ሕንፃ ግን አንዴ ሄዷል።

ስለዚህ ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ሂዱና ጠይቁት። የማፍረስ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ቆማችሁ አንብቡት፤ አስተያየት ስጡ ስትባሉ ቀኑ ሳያልፍ ስጡ። የቤተሰብ አልበማችሁንም አገላብጡ። ከሠርገኞቹ ጀርባ የሚታየው በር፣ ሰውዬው በማኅደር ፈልጎ ያጣው ሊሆን ይችላል።