ማስተካከያ፦ ሬዲዮውን በሊኑክስ ለማዘዝ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) መሆን አያስፈልግም

ጅማ ላሉ የአማተር ሬዲዮ ጀማሪዎች ባለፈው ባጋራነው ማስታወሻ ላይ፣ ሬዲዮን ከኮምፒውተር ስለሚያዘው ሃምሊብ የተባለ ሶፍትዌር፣ «ሃምሊብ ፖርቱን መክፈት ካቃተው ፕሮግራሙን በሩት አስነሱት» የሚል ምክር ነበር። ይህ ምክር ይሰረዝ።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የፈቃድ ነው። በኡቡንቱና በዴቢያን ሲሪያል ፖርት (ኮምፒውተሩ ከሬዲዮው ጋር የሚነጋገርበት በር) የሚከፈተው ዳያልአውት ለሚባለው ግሩፕ አባላት ነው። አርች ላይ ግሩፑ ዩዩሲፒ ይባላል። የተጠቃሚ ስማችሁን እዚያ አስገቡና ሎግ አውት አድርጋችሁ ተመለሱ። ብዙ ሰው ይህቺን ይዘላትና «እምቢ አለኝ» ይላል።

«ፖርቱ ሁሌም ዩኤስቢ ዜሮ ነው» የተባለውም ልክ አይደለም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ወይም ገመዱ ተነቅሎ ሲሰካ ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል። መብራቱ እንደሆነ ጠባዩን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ዴቭ ስር ሲሪያል በሚለው ፎልደር፣ «ባይ አይዲ» ውስጥ (/dev/serial/by-id) ያለውን ቋሚ ስም ተጠቀሙ።

ኡቡንቱ 22.04 ላይ ሲኤች340 ቺፕ ያለው ርካሽ ገመድ ስትሰኩ ፖርቱ ብቅ ብሎ ወዲያው ከጠፋ፣ ቢአርኤልቲቲዋይን ጠርጥሩ። ለዓይነ ስውራን የብሬል መሣሪያ የተሠራ ፕሮግራም ነው፤ ገመዱን የራሱ መስሎት ይነጥቃል። ብሬል የማትጠቀሙ ከሆነ አውጡት።

የአይኮም አይሲ-7300 ሬዲዮ አድራሻ (ኮምፒውተሩ ሬዲዮውን የሚለይበት ቁጥር) በሄክሳዴሲማል 94 መባሉ ትክክል ነው። ባውድ ሬቱ (መረጃ የሚተላለፍበት ፍጥነት) ግን ሬዲዮውም ኮምፒውተሩም ላይ አንድ ይሁን።