ወታደሩ የሚፈራው ወረቀቱን ነው

የአእምሮ ሕመም ያለበት ወታደር ለምን አይታከምም ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር መልሱ «የግንዛቤ እጥረት» ነው። ስብሰባ ይጠራል፣ ባነር ይሰቀላል፣ አበል ይከፈላል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይበተናል። ሐረርና ድሬዳዋ ከወታደር ጋር ተጎራብቶ ያደገ ሰው ይህን መልስ በቀላሉ አይውጠውም። ሐረር የጦር አካዳሚውም የሦስተኛ ክፍለ ጦርም መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። በ1969 እና በ1970 የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ድረስ ሲመጣ የተዋጉት ሰዎች ዛሬ አያት ሆነዋል። የሰሜኑን ጦርነት ያዩት ደግሞ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። ሕመሙ በየቤቱ ስላለ የሚነግራቸው ሰው አያስፈልጋቸውም።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ምልስ ወታደር አለ። የድሬ ሰው ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ሲብስ ፍራሹን ግቢ አውጥቶ ይተኛል። እሱ ግን መስኮቱን ሳይቀር ዘግቶ፣ በሩን ቀርቅሮ ነው የሚያድረው። ባለቤቱ ልትቀሰቅሰው ስትፈልግ ከአልጋው ራቅ ብላ ስሙን ትጠራለች እንጂ አትነካውም፤ አንዴ ትከሻውን ነካ አድርጋው የሆነውን አትረሳም። ጤና ጣቢያ ሲሄድ የሚናገረው ስለ ጨጓራው ነው። ኦሜፕራዞል ይታዘዝለታል፣ ይዞ ይመለሳል። እንቅልፍህስ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀው የለም፣ እሱም አላነሳውም።

ሌሊቱን ስለሚፈራው ከሰዓት በርጫ ላይ ይቀመጣል። ምርቃናው እስከ እኩለ ሌሊት ያቆየዋል፤ ከዚያ እንቅልፍ እንዲጥለው ጨብሲ ይከተላል። ጎረቤቱ «ጫቱ ነው ያበላሸው» ይላል። ጫቱ የመጣው ግን ከቅዠቱ በኋላ ነው። ይህን ስል ለጫት ጥብቅና መቆሜ አይደለም። ሐርጌሳ ውስጥ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም በቀድሞ ተዋጊዎች ላይ በርክቶ ማየቱንና ነገሩ ከጫት ጋር የተቆራኘ መሆኑን ጽፏል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በጫት እንቅልፉን ጭራሽ ሲያባርረው ውጤቱ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሐኪም መሆን አይጠይቅም።

ሠራዊቱ ውስጥ እያለህ ለምን አልታከምክም ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ተናግሬ ቦርድ ብወጣ ልጆቼን ምን ላበላ ነው?» አለኝ። ቦርድ መውጣት ማለት በሕመም ምክንያት ከሠራዊቱ መሰናበት ነው። ይህ ሰው ግንዛቤ አልጎደለውም፣ ሒሳቡን ሠርቷል። ካርድ አውጥቶ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ቢቀርብ ወረቀቱ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል ብሎ ያምናል። ከዚያ ጠመንጃው ይወሰዳል፣ ዕድገቱ ይቀራል፣ ጓዶቹም «ነካ ያደርገዋል» ማለት ይጀምራሉ። ስለዚህ ዝም ይላል። ቤተሰቡም «አብሽር፣ ያልፋል» ይለዋል፤ ካላለፈ ቁልቢ ይሳላሉ፣ ወይም ቁርዓን ያስቀሩለታል። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ ጠበሉም ዱዓውም ከኪኒን ጋር አይጣላም፣ ኪኒኑን ጣል የሚል ሰው ካልመጣ በስተቀር።

ፍርሃቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት አለ። የአእምሮ ችግር ምልክት ከታየባቸው መካከል ርዳታ የፈለጉት ከ23 እስከ 40 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምን አገዳችሁ ሲባሉ 65 በመቶው ደካማ ተደርጌ እታያለሁ፣ 63 በመቶው አለቆቼ በሌላ ዓይን ያዩኛል፣ ግማሹ ደግሞ ሥራዬ ይበላሻል አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የዚያ አገር መከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ጌትስ የምስጢር ሥራ ፈቃድ ቅጽ ላይ ያለውን 21ኛ ጥያቄ አስቀየሩ። ጥያቄው ባለፉት ሰባት ዓመታት የአእምሮ ሕክምና አግኝተህ ታውቃለህ ወይ የሚል ነበር። ከውጊያ በመጣ ጭንቀት ምክር ያገኘ ወታደር «አይ» ብሎ መሙላት ተፈቀደለት። ችግሩ በዚህ አልተፈታም፤ ግን ቅጹ ራሱ ሰውን ከሐኪም እንደሚያርቅ የገባው ባለሥልጣን ተገኘ።

እኛ ጋርም መጀመር ያለበት ከዚሁ ነው። ድሬዳዋ ድል ጮራ፣ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ወታደሩ እንደማንኛውም ሰው በራሱ ካርድ ገብቶ ይታከም፤ ለክፍሉ ሪፖርት አይሂድ። መታከም ብቻውን ለቦርድ ምክንያት እንደማይሆን ደግሞ በመመሪያ ይጻፍ፣ በቃል ማረጋገጫ የሚያምን ወታደር አላውቅም። ከውጊያ በኋላ የሚመጣው ሕመም የሚታከም ነው፤ በጥቂት ወራት የንግግር ሕክምና ብዙ ሰው ይሻለዋል፣ እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ። መድኃኒቱ ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ስለሚፈጅ አልሠራልኝም ብሎ በአሥር ቀን የሚጥለው ብዙ ነው፤ ይህን ቀድሞ መንገር የሐኪሙ ፋንታ ነው። ግዳጅ ላይ ላለ ወታደር ቀጠሮ ማክበር ከባድ መሆኑም መታሰብ አለበት።

ጠመንጃ የያዘ ሰው አእምሮው ሲታወክ አለቃው ማወቅ የለበትም ወይ የሚለኝ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ራሱን ወይም ሌላውን ይጎዳል ተብሎ የሚፈራ ከሆነ ሐኪሙ ይናገር፣ መሣሪያውም ግምጃ ቤት ይግባ። ቅዠትና እንቅልፍ ማጣት ግን በሙሉ ወደዚያ አይጠቀለልም። ዛሬ ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው ጥበቃ ላይ ሲቆም አለቃው የሚያውቀው ነገር የለም፤ ሰውየው ደብቆታልና። መሣሪያው ሲወሰድ ደግሞ ጉዳዩ እንደገና የሚታይበት ቀን አብሮ ይጻፍ። ቀን ያልተቆረጠለት እገዳ ከቦርድ አይለይም፣ ወታደሩም ይህን ከማናችንም ቀድሞ ያውቃል።