የድሮዋ ካኖን አሁንም ትሠራለች

አንድ ጸሐፊ "ስልክ ካለ የድሮ ዲጂታል ካሜራ ምን ያደርጋል" ብሎ የጻፈው በፍጹም አልተዋጠልኝም። እኔ ካኖን ፓወርሾት ኤ570 አይኤስ የሚባል ካሜራ አለኝ፣ በፈረንጆቹ 2007 የወጣ ነው፣ 7.1 ሜጋፒክስል ብቻ ቢሆንም ፎቶ ቤት ወስዳችሁ 10 በ15 ሳንቲሜትር ብታሳትሙት ከበቂ በላይ ነው፣ 4 እጥፍ ዙሙ ደግሞ በሌንሱ ስለሚያቀርብ እንደ ርካሽ ስልክ ምስሉን አያደበዝዘውም።

ትልቁ ነገር ግን ባትሪው ነው። ስንቱ ደህና ካሜራ የራሱ ባትሪ ሞቶ ምትክ ስለጠፋ መሳቢያ ውስጥ ቀረ፣ ይሄኛው ግን የግድግዳ ሰዓት ውስጥ የሚገባውን ዓይነት ሁለት ድንጋይ ነው የሚፈልገው፣ የሰፈር ሱቅ ውስጥም አይጠፋም። ብቻ ርካሹን ድንጋይ አትግዙ፣ ፍላሹ ትንሽ ሲበራ ወዲያው ይደክማል፣ ቻርጅ የሚደረገውን ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ፈልጉ።

ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ በዛ ፀሐይ የስልክ ስክሪን ምንም አያሳይም፣ እኔ ግን በካሜራዬ ትንሿ ማያ ቀዳዳ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አያለሁ። ማታ ቡና ላይ ደግሞ ፍላሹ የእማዬን ፊትና የነጠላዋን ጥለት ቦግ አድርጎ ከኋላ ያለውን ሁሉ ያጨልመዋል፣ የልጅነታችን አልበም ውስጥ ያሉት ፎቶዎች እንደዛ ናቸው እኮ፣ በጣም ነው የምወደው።

አሮጌ የምትገዙ ካላችሁ ሌንሱ ሳይንቀጠቀጥ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን፣ የባትሪው ክዳን መያዣ አለመሰበሩን እዛው ሻጩ ፊት እዩ፣ ከዛ ነው ስለ ዋጋ ማውራት።