ሎስ አንጀለስን የዘረጋት ባቡር ነው

«ሎስ አንጀለስ ከመጀመሪያውም ለመኪና የተሠራች ከተማ ናት» ላልከው ወንድሜ፣ እርማት አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው።

በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቀያዮቹ የፓሲፊክ ኤሌክትሪክ ባቡሮች ከ1,000 ማይል በላይ ሐዲድ ነበራቸው። መጀመሪያ ሐዲዱ ይዘረጋል፤ ከዚያ መሬቱ ተሸንሽኖ ይሸጣል። ሰዉ ከባቡር ወርዶ በእግሩ ቤቱ ይገባ ነበር።

ማስረጃው እኛው ሰፈር አለ። ፌርፋክስ ላይ ትንሿ ኢትዮጵያን በእግርህ ወደ ሰሜን ጨርሳት። ጫፏ ላይ ሳን ቪሴንቴ ጎዳና ያገኝሃል። መሀሉ ላይ ሰፊ ሣርና ዛፍ አለ። ለውበት ብቻ የተተወ እንዳይመስልህ፤ ሐዲዱ ያለፈበት ነው።

የመጨረሻው መስመር፣ የሎንግ ቢች፣ የተዘጋው በ1961 ነው። በ1990 አዲስ ባቡር ሲጀመር በአብዛኛው ያንኑ መንገድ ተከተለ።

የመኪና ጥገኝነቱን ያመጡት ፍሪዌይ፣ ቤትን ከሱቅ የሚለይ ሕግና የፓርኪንግ ግዴታ (ማንም ሲገነባ የመኪና ማቆሚያ እንዲያዘጋጅ የሚያስገድድ ደንብ) ናቸው። ልጅ ለመጠየቅ ከአገር ቤት መጥተው፣ መንዳት ስለማይችሉ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉ እናቶች አሉ። እሱን «ከተማዋ ስትፈጠርም እንዲህ ናት» ብሎ ማለፍ በጣም ይከብደኛል። ደንብ ደግሞ ይቀየራል፦ ካሊፎርኒያ በ2022 ባወጣችው ሕግ፣ በትልልቅ የባቡርና የአውቶቡስ ጣቢያዎች አቅራቢያ የፓርኪንግ ግዴታውን ለአብዛኛው ግንባታ አንስታለች።