ያፎን ከመታየት ላዳናችሁ ሁሉ

እናንተ በሰርግ ሰሞን አሮጌው ያፎን የምትወሩ የፎቶ ሠራዊት ሆይ፣ ምስጋናዬን ተቀበሉ። ከልቤ ነው። እናንተ ባትኖሩ ባለፈው ማክሰኞ አክስቴን ይዤ ስሄድ ከተማውን እናየው ነበር።

ያፎ ማለት እስራኤል ውስጥ ከቴል አቪቭ ጎን ያለችው፣ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ኢዮጴ የምትባለው ናት። ዮናስ ሲኮበልል መርከብ የተሳፈረባት፣ ጴጥሮስ ቁርበት ፋቂው ስምዖን ቤት የተቀመጠባት፣ ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ የሊባኖስ እንጨት በባሕር ተንሳፍፎ የደረሰባት። እናንተ ይህን ሁሉ አይታችሁ "አሪፍ ባክግራውንድ" ትላላችሁ። ቀላል ተሰጥኦ አይደለም።

የሰዓት ማማው በፈረንጅ 1903 ሲያልቅ ለቱርኩ ሱልጣን አብዱልሃሚድ 25ኛ የንግሥና ዓመት መታሰቢያ ነው ተብሎ ነበር። ለእናንተ የልደት ፎቶ መሆኑን ማን ይንገራቸው? ናፖሊዮንማ ሚዜያችሁ ሆኗል። በ1799 ከተማዋን ሲይዝ፣ እጃቸውን የሰጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ምርኮኞችን አስፈጅቷል። ዛሬ ምስሉ ለቱሪስት መንገድ ይጠቁማል፣ እናንተም አንገቱን አቅፋችሁ ሁለት ጣት ታወጣላችሁ።

ግን የጥበባችሁ ጫፍ የምኞት ድልድዩ ላይ ነው። የአሥራ ሁለቱ ኮከቦች ምልክት አለበት። ኮከብህን ትነካለህ፣ ወደ ባሕሩ እያየህ ትመኛለህ፣ አለቀ። ማክሰኞ ግን አላለቀም። ሙሽሪት ኮከቧን ነካች። ፎቶ አንሺው "አልመጣም" አላት። ደግማ ነካች። "አሁን እንዳላየሽ ሆነሽ ንኪ።" ነካች። "አሁን ሳቂ፣ ጥርስሽ ግን አይታይ።" ተሳቀ። ቀጥሎ ሙሽራው ኮከቡን ፈለገ። ልደቱን የሚያውቀው በኛ አቆጣጠር ስለሆነ ሚዜዎቹ ስልክ አውጥተው ቀኑን ወደ ፈረንጅ መቀየር ጀመሩ፣ አንዱ ሚዛን ነህ አለው፣ አንዱ ጊንጥ ነህ አለው፣ ወደ እናቱ ተደወለ፣ እናቱ "ለሚካኤል ዋዜማ ነው የወለድኩህ" ብለው ነገሩን የባሰ አወሳሰቡት፣ የየትኛው ወር ሚካኤል እንደሆነ ሲጣራ ሃያ ደቂቃ ሄደ። በመጨረሻ ለብርሃኑ የሚመቸው ዓሣ ሆኖ ተገኘና ሰውዬው ዓሣ ተደረገ። ከዚያ ድሮን ተነሣ። ነፋሱ አይነርግቡን አንሥቶ ሚዜውን አለበሰው። ይህም ተቀረጸ። ደስ ስላለ ተደገመ። ሲመኙ ደግሞ ጀርባቸውን ለባሕሩ፣ ፊታቸውን ለካሜራው ሰጥተው ነው። እንግዲህ ምኞቱን የሚፈጽመው ካሜራው ነው ማለት ነው። በድልድዩ ግራና ቀኝ ያለነው ሁላችን ቆመን እንጠብቃለን።

አክስቴ ስንት ዓመት እቁብ ጥለው ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ የመጡ ሴት ናቸው። የዮናስን ባሕር ልይ ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ጥግ ይዘው ቆሙ። አንዱ መጥቶ፣ በአማርኛ፣ "እማማ፣ ፍሬም ውስጥ ገብተዋል፣ ዞር ይበሉ" አላቸው። ማነህ አንተ? ድልድዩ የአባትህ ነው? የሕዝብ መንገድ በአንድ መብራትና በሁለት ሚዜ ዘግተህ፣ ይህን ቀን ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁ ሴት ታባርራለህ? አክስቴ እኮ "ይቅርታ ልጄ" ብለው ነው ዞር ያሉት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ከወደቡ ፊት ለፊት የሚታዩት ዐለቶች የአንድሮሜዳ ይባላሉ። በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት (የእነሱ "ኢትዮጵያ" የት እንደሆነች ለክርክር ወዳዶች እንተወው)። እናቷ በቁንጅና ማን ይደርስብናል ብላ ጉራዋን ነዛች፣ የባሕሩ አምላክ ተቆጣ፣ ልጅቷም ለአውሬ እራት እንድትሆን ዐለት ላይ ታሰረች። እናትየው በአፏ ብቻ ነው የተናገረችው። እናንተ በድሮን ጭምር እየቀረጻችሁ አውሬው ዝም ማለቱ ይገርመኛል።

ሥራው አልቆ ሙሽሮቹ በአጠገባችን ሲያልፉ አክስቴ አላስቻላቸውም። ሙሽራ አይተው ዝም ማለት አያውቁም። ከጥጋቸው ሆነው እልልታቸውን አቀለጡት። ፎቶ አንሺው እየሮጠ መጣ።

"እማማ፣ በጣም አሪፍ ነበር! ለቪዲዮው አንዴ ይድገሙልን?"

"እሺ ልጄ፣ እዚሁ ሆኜ ልበለው ወይስ ፍሬም ውስጥ ልግባ?"