ሁሉም ይኮርጃልና ኩረጃ ይፈቀድ?

ሰሞኑን አንድ የቴኒስ ጨዋታ ሳይ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ልጁ በአንድ ጌም ብቻ ስድስት ጊዜ ወደ ሜዳው ጥግ ዞረ። ኳሷ መረብ ላይ ስትቀርበት ዞረ። ነጥብ ሲያገኝም ዞረ። አሰልጣኙ መዳፉን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ልጁ ፎጣውን እንደነከሰ ራሱን ይነቀንቃል። የሚያስተላልፈው ጋዜጠኛ "እንዴት ያለ መናበብ ነው!" አለ። እኔ የታየኝ የፈተና ክፍል ነው።

ይሄ ሁሉ አሁን ሕጋዊ ነው። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ በጨዋታ መሃል መምከርን ፈቅዷል። አውስትራሊያ ኦፕን ጭራሽ ለአሰልጣኞች ሜዳው ጥግ ላይ መቀመጫ አበጀላቸው። ቁጥር የሚያዩበት ስክሪን ሳይቀር።

ይበልጥ ያናደደኝ ግን ይፈቀድ ያሉት ሰዎች ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ፣ መምከር ገና ክልክል ሳለ፣ አሰልጣኙ ፓትሪክ ሙራቶግሉ ለተጫዋቹ ለሴሬና ዊሊያምስ በእጁ ምልክት ሲሰጥ ዳኛው አየው። ሙራቶግሉ ከጨዋታው በኋላ አመነ፤ ሁሉም ያደርገዋል ብሎም አከለበት። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ግን በሴሬና ስም ነው። እኚሁ ሙራቶግሉ በ2022 የወንዶቹን ውድድር የሚመራው ኤቲፒ ነገሩን በሙከራ ሲፈቅድ፣ ለአስርት ዓመታት በየጨዋታው ሲደረግ የኖረ ነገር ሕጋዊ ሆነ፣ ግብዝነት አበቃ ብለው አጨበጨቡ። ምን ማለት ነው? ሁሉም ይኮርጃልና ኩረጃ ይፈቀድ?

አሰልጣኝ ማየት የፈለገ የታላቁን ተጫዋች የራፋኤል ናዳልን አሰልጣኝ ቶኒ ናዳልን ይይ። ራሱ በተጫዋችነት ስም ያተረፈ ሰው አይደለም። ማዮርካ ደሴት፣ ማናኮር ላይ የወንድሙን ልጅ ራፋኤልን ገና በሕፃንነቱ ራኬት አስያዘው። ልምምድ ሲያልቅ ሜዳ የሚጠርገው ልጁ ነው። ኳሱ ያረጀ ይሆናል፣ ሜዳው ይጎረብጣል፣ ማማረር የለም። ውሃውን ከረሳ ተጠምቶ ይጫወታል። ቶኒ ከልጁ ደሞዝ አይቀበልም ነበር፤ ስለዚህ ከሥራ እባረራለሁ ብሎ አፉን አይለጉምም።

ደጋግሞ የሚያወራት አንዲት ታሪክ አለችው። ራፋኤል በልጅነቱ ውድድር ላይ ራኬቱ ተሰንጥቆ ሳያውቅ ሲጫወት ቆየ። ኋላ እንዴት አላወቅህም ሲባል፣ ጥፋቱ ሁሌ የራሴ ነው ብዬ ስለለመድኩ ራኬቱን አልጠረጠርኩም አለ። አያችሁ? ይሄ ጥግ ላይ ተቀምጦ በእጅ ምልክት የሚሰጥ ነገር አይደለም። ቤት ውስጥ ተሠርቶ ያለቀ ነው።

ማስረጃ ካስፈለገ፣ ቶኒ በ2017 መጨረሻ ሲለየው ራፋኤል 16 የግራንድ ስላም፣ ማለትም የአራቱ ታላላቅ ውድድሮች፣ ዋንጫ ነበረው። ያለ አጎቱ 6 ጨመረ። 22 ሞላ። ሌላው አሰልጣኙ ካርሎስ ሞያ አጠገቡ ነበር ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። ሞያ ያገኘው ግን ያለቀለትን ሰው ነው።

አዎ፣ ቶኒም ንጹሕ አይደለም። በ2010 ዊምብልደን ላይ ከመቀመጫው ሲመክር ራፋኤል 2,000 ዶላር ተቀጥቷል። ግን ተቀጣ! ያኔ ነውር ነበራ።

ደግሞ ጥጉ ላይ የሚቀመጠውን የሚከፍልለት ማነው? ደረጃው 200ኛ የሆነ ልጅ የራሱን የአውሮፕላን ትኬት እያሰላ ነው የሚዞረው። እሱ ወደ ባዶ ወንበር ይዙር?

ያ ሰሞኑን ያየሁት ልጅ ተሸነፈ። የመጨረሻዋ ኳስ ውጭ ወጣችበት። ተጋጣሚውን ለመጨበጥ ወደ መረቡ ከመሄዱ በፊት አንዴ ዞሮ ጥጉን አየ። አሰልጣኙ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ነበር።