አዳማ የምትለብሰው ለአዲስ አበባ ብርድ ነው

ሚያዝያ ላይ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ጥቂት ቆም ብላችሁ የሰውን እግር እዩ። ጂንስ፣ ወፍራም ካልሲ፣ የቆዳ ጫማ። አንዳንዱማ ከላይ ጃኬት ጣል አድርጓል። ሁሉም ያልበዋል፣ ሁሉም «ኧረ ዛሬስ ጨረሰን» ይላል። ቁምጣ የለበሰ ትልቅ ሰው ግን ፈልጋችሁም አታገኙም። ካገኛችሁ ወይ ከኳስ የሚመለስ ነው፣ ወይ የጋራዥ ሠራተኛ ነው፣ ወይ ዲያስፖራ ነው።

«ለቁምጣ ስንት ዲግሪ ይበቃል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይገርመኛል። የዲግሪ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ አዳማ ገና ድሮ ሱሪዋን ጥላ ነበር። የኛ ችግር የምንለብሰው የራሳችንን ሰማይ አይተን አለመሆኑ ነው። የብዙ መሥሪያ ቤት ዋና ቢሮ ያለው አዲስ አበባ ነው፣ የአለባበስ ደንቡም የሚወጣው እዚያው ነው፣ «ጨዋ ሰው» ምን እንደሚለብስ በቴሌቪዥን የምናየውም ከዚያው ነው። እዚያ ደግሞ ሐምሌ ላይ ጋቢ ሳይደረብ ቡና አይጠጣም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ እኛ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ከፍ ብለን ነው ያለነው። 1,000 ሜትር በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል። እንግዲህ ያንን 85 ኪሎ ሜትር ፈጣን መንገድ ጨርሶ እዚህ የሚወርድ ሰው አራት ወይም አምስት ዲግሪ ተጨምሮበት ነው የሚወርደው፣ ልብሱ ግን ያው የጠዋቱ ነው።

ለስብሰባ የሚመጡትን አይታችኋል አይደል? አዳማ መቼም የስብሰባ ከተማ ናት። ሰኞ ጠዋት በሙሉ ሱፍ ይገባሉ። በሻይ ሰዓት ኮቱ ወንበር ላይ ነው። ምሳ ላይ ክራቫቱ ኪስ ገብቷል። ማታ ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ያንኑ ሰውዬ በቁምጣና በነጠላ ጫማ ታገኙታላችሁ፣ ማንም ምንም አይለውም፣ «ሊዝናና መጥቶ ነው» ይባላል። ያው ቁምጣ የሰፈር ሰው እግር ላይ ሲታይ ግን ወሬው ሌላ ነው፦ «ምን ነካው? ሰላም ነው? ሥራ ለቀቀ እንዴ?»

እኔም አንዴ ክፍያ ልፈጽም አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ከበር ተመልሻለሁ። ጥበቃው ወፍራም ዩኒፎርም ለብሶ፣ ቆብ ደፍቶ፣ አንገቱን በመሐረብ እየጠረገ «ወንድሜ፣ እንዲህ ሆነህማ አይገባም፣ ታዘን ነው» አለኝ። ቁምጣዬ ጉልበቴን አልፎ ይወርዳል። በእሱ አልተናደድኩም፣ እንዲያውም አሳዘነኝ። የተናደድኩት ትዕዛዙን ጽፎ ቬንትሌተር ሥር በተቀመጠው ሰው ነው።

«ባህላችን አይደለም» የሚሉም አሉ። የቱ ባህል? የጎጃም ገበሬ በቁምጣ ነው ሲያርስ የኖረው። ከዚህ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ ውረዱ፣ አፋር ድረስ ዝለቁ፣ ከኛ ይልቅ ሙቀትን የሚያውቀው ሰው የሚያገለድመው ሽርጥ ነው። ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ በሽርጥ በር ላይ የተቀመጠ አባወራ ማየት ብርቅ አይደለም፣ ክብሩም አልተቀነሰበትም። ሙቀት ባለበት አገር እግር አየር ያገኛል፣ አለቀ። መሀል ላይ ቀርተን በጂንስ የምንቀቀለው እኛ ነን።

እሺ፣ መቼ ይለበስ? እኔን ከጠየቃችሁ ከየካቲት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ጥያቄ የለውም። በተለይ ሚያዝያ። በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ቀጥ ትላለች፣ ጥላችሁን ብትፈልጉት እግራችሁ ሥር ገብቷል። ነሐሴ መጨረሻ ላይም ትመለሳለች፣ ግን ያኔ ደመናው ስለሚከልላት አታስቸግርም። ክረምቱን ለጭቃው ስትሉ ሱሪ ልበሱ።

አታላዩ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። ስልካችሁ 26 ወይም 27 ይላችኋል፣ ያንን አምናችሁ በቁምጣ ትወጣላችሁ፣ ከዚያ ነፋሱ ይቀበላችኋል። ኮረብታው ላይ ያሉት ተርባይኖች ለጌጥ የቆሙ አይደሉም፣ አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት ከዚሁ ከኛ ነፋስ ነው። ስልኩ የሚነግራችሁ የጥላ ሥር ሙቀት ነው፣ ስለ አቧራው ምንም አይልም። ቫዝሊን የተቀባ እግር ደግሞ አቧራ ይወዳል። ከመናኸሪያ ተነስታችሁ ሁለት ሰፈር ሳትሻገሩ ቅልጥማችሁ ላይ ቡናማ ካልሲ ይበቅላል።

ስለዚህ እኔ ስልክ አላይም። የማየው ጠዋት 3 ሰዓትን ነው። በዚያ ሰዓት ጥላ ውስጥ ያለ ሹራብ መቀመጥ ከቻልኩ ያ ቀን የቁምጣ ቀን ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መወሰን ሞኝነት ነው፣ ምክንያቱም አየሩ ደረቅ ሲሆን ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቀን ደግሞ ቶሎ ይግላል፣ በጠዋቱ ብርድ ሱሪ ያጠለቀ ሰው ከሰዓት ላይ ዋጋውን ይከፍላል።

የቁምጣ የራሱ ጣጣም አለ፣ አልክድም። ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ ባጃጅ ወንበር ላይ በባዶ ጭን ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ጥቁር ፕላስቲክ ልባስ ነው፣ ስትቀመጡ ያቃጥላል፣ ስትነሱ ቆዳችሁን ይዞ ይቀራል። ሹፌሮቹ ስለሚያውቁት ነው መሰለኝ አንዳንዶቹ ፎጣ ያነጥፋሉ። እናቶች ደግሞ «ምች ይመታሃል» ይላሉ። ኧረ እማዬ፣ ለፀሐይ የሚሸፈነው አናት ነው እንጂ ቅልጥም አይደለም! ዳማከሴው ግን ከግቢ አይጥፋ።

ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ግን እኔም ሱሪ ውስጥ ነኝ። አዳማ የወባ አገር ናት፣ የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፣ ባዶ ቁርጭምጭሚት ደግሞ አትምርም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜማ በቁምጣ ደጅ ላይ ማምሸት በሽታን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

እስካሁን የማወራው ስለ ወንዶች መሆኑን ልብ ብላችኋል። ሴቶቹ ዲግሪው 35 ቢገባም በቁምጣ ወደ ገበያ አይወጡም፣ ምክንያቱን ደግሞ መንገድ ዳር ቆመን የምንለክፈው ወንዶች እናውቀዋለን። የእነሱ ጉዳይ ከሙቀት ጋር አይገናኝም፣ የኛ ጨዋነት ጉዳይ ነው።

ለመሥሪያ ቤቶቹ ያለኝ ጥያቄ ትንሽ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ጉልበት የሚሸፍን፣ ንጹሕ ቁምጣ የለበሰ ባለጉዳይ ይግባ። ሠራተኛውም ቢያንስ ክራቫቱን ይገላገል፣ ጥበቃውም ሳሳ ያለ ሸሚዝ ይሰጠው። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ደንባቸው የታወቀ ነው፣ እዚያ ማንም አይከራከርም። ለቅሶም እንደዚያው። የሰፈራችን ባለሱቅ ከየካቲት ጀምሮ በቁምጣ ነው የሚሸጠው፣ ለድንገተኛ ለቅሶ የምትሆን አንዲት ጥቁር ሱሪ ከበሩ ጀርባ ሰቅሏል። እዚያው ሱቅ ውስጥ ከቁምጣው ላይ ያጠልቃትና ይሄዳል።